ካሜራ ከመስቀልዎ በፊት የምሰሶውን እግር ይፈትሹ

የትራፊክ ካሜራ ለመስቀል የተሰማራ ባለሙያ ዓይኑ ወደ ላይ ነው። ካሜራው ከየትኛው ማዕዘን የተሽከርካሪ ሰሌዳ ያነባል? የዛፍ ቅርንጫፍ ይከልለው ይሆን? የኤሌክትሪኩና የመረጃው መስመር ከየት ይመጣል? ጥያቄዎቹ ሁሉ ተገቢ ናቸው፤ ምሰሶ ግን ሲወድቅ አብዛኛውን ጊዜ የሚከዳው እግሩ ነው። በዚህ ጽሑፍ ነባር የመንገድ መብራት ምሰሶ ላይ ካሜራ መስቀል ለሚፈልጉ የማዘጋጃ ቤት ባለሙያዎች፣ ተቋራጮችና ተቆጣጣሪ መሐንዲሶች ሥራውን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ። የምከራከርለት ነጥብ አንድ ነው። ምሰሶው ይችል እንደሆነ በካሜራው ክብደት አይታወቅም። የሚታወቀው የሚሰቀለው ዕቃ ለነፋስ በሚሰጠው ስፋት፣ በተሰቀለበት ከፍታ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ምሰሶው ከመሬት ጋር በሚገናኝበት የአንድ ክንድ ያህል ክፍል ጤንነት ነው።

መጀመሪያ ምሰሶው የማን እንደሆነና ምን ዓይነት እንደሆነ ይወቁ። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ መንገድ ዳር የመብራት የብረት ምሰሶ፣ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ መስመር የተሸከመ የኮንክሪት ወይም የባሕር ዛፍ ምሰሶ፣ የቴሌ ምሰሶና የትራፊክ መብራት ምሰሶ ጎን ለጎን ቆመው ይገኛሉ። በኮሪደር ልማት በቅርቡ የተተከሉትና ከዚያ በፊት ለረጅም ዓመታት የቆሙትም በአንድ ዓይን አይታዩም። ባለቤቱን በጽሑፍ ማስፈቀድ የቢሮክራሲ ጣጣ ብቻ አይደለም፤ የምሰሶውን ቁመት፣ የብረቱን ውፍረት፣ የመሠረቱን ጥልቀትና የተተከለበትን ዓመት የሚያውቀው ካለ ባለቤቱ ነው። አራቱን ይጠይቁ። ሰነድ ከጠፋ መጥፋቱን በመዝገብዎ ያስፍሩና በልኬት ይተኩት፤ ከአጠገቡ ያለው ምሰሶ ይመስላል ብሎ የዚያን ቁጥር መዋስ አይገባም። የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ መስመር የተሸከመን ምሰሶ በተመለከተ ምክሬ አጭር ነው፤ ካሜራ አይስቀሉበት። ከኤሌክትሪክ ንዝረት አደጋ በተጨማሪ ብዙዎቹ የኮንክሪት ምሰሶዎች በውስጣቸው ተወጥረው የታሰሩ ሽቦዎች ስላሏቸው በትራፓኖ አንዱን መንካት የምሰሶውን አቅም ይጎዳል። የባሕር ዛፉም ከላይ ደረቅና ጠንካራ መስሎ ከመሬት በታች የበሰበሰ ሊሆን ይችላል። ከዚህ በኋላ የምናገረው ስለ ብረት ምሰሶ ነው።

አሁን ወደ እግሩ ይውረዱ። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2015 በአሜሪካ ሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ሦስት ፎቅ ያህል ቁመት ያለው የመንገድ መብራት ምሰሶ ተገንድሶ መኪና ላይ ወደቀ፤ አሽከርካሪው ለጥቂት ተረፈ። ጉዳዩ የሚመለከተው የከተማዋ መሥሪያ ቤት የምሰሶው እግር በዝገት መበላቱን፣ ለዝገቱም የውሻና የሰው ሽንት አስተዋጽኦ ሊኖረው እንደሚችል፣ በተጨማሪም ምሰሶው ላይ ከልክ ያለፈ ባነር ተሰቅሎ እንደነበር ገለጸ። የዚህ አጋጣሚ ትምህርት በሁለቱ ምክንያቶች መገናኘት ላይ ነው። ባነሩ ብቻውን ጤነኛ ምሰሶ ላይጥል፣ የዛገውም ምሰሶ ባነር ባይኖርበት ጥቂት ጊዜ ሊቆይ ይችል ነበር። ከላይ የተጨመረና ከታች የተቀነሰ ሲገናኙ ግን ምሰሶው ያለ ማስጠንቀቂያ ይሄዳል። የእኛ ከተሞች ምሰሶዎችም ተመሳሳይ ነገር ይደርስባቸዋል፤ ሽንት ይሸናባቸዋል፣ ቆሻሻ ይከመርባቸዋል፣ የእግረኛ መንገድ ሲታደስ እግራቸው በሲሚንቶና በንጣፍ ድንጋይ ይቀበራል። ብረቱ በተለይ የሚበላው እርጥበትና አየር አብረው በሚያገኙት፣ ከአፈሩ ወይም ከንጣፉ ወለል ጥቂት ሴንቲ ሜትር ከፍና ዝቅ ባለው ቀለበት ላይ ነው። እዚያ ቦታ ላይ ደግሞ ነፋስ የሚፈጥረው የመተጣጠፍ ኃይል ከየትኛውም የምሰሶው ክፍል ይበልጣል።

ስለዚህ በመሰላል ከመውጣትዎ በፊት ቆሻሻውን ያስጠርጉ፣ ምሰሶው በቀጥታ አፈር ውስጥ የተተከለ ከሆነ ዙሪያውን ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ያስቆፍሩ፣ ንጣፍ ከተለበጠበትም ንጣፉን ያስነሱ። በሽቦ ብሩሽ ይፈግፍጉት። ቀለሙ እንደ አረፋ ያበጠበት ቦታ ከሥሩ ዝገት አለ ማለት ነው። በትንሽ መዶሻ ከላይ ወደ ታች እያንኳኩ ይውረዱ፤ ጤነኛ ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የሳሳው ድምፁ የታፈነ ይሆናል፣ አንዳንዴም መዶሻው አሻራውን ትቶ ይነሳል። ከዚያ የሽቦ መገጣጠሚያውን ትንሽ በር ይክፈቱ። ይህች በር በአብዛኛው ችላ የምትባል ናት፤ ነገር ግን ክብ የነበረው ብረት እዚያ ላይ ተቆርጦ ተከፍቷል፤ ከእግሩ ቀጥሎ ደካማው ቦታ እሱ ነው። የበሩን አራት ማዕዘኖች በባትሪ ብርሃን ይመርምሩ። ከማዕዘኑ የሚነሳ፣ ክር የሚያህል ቀይ የዝገት መስመር ካዩ ስንጥቅ ሊሆን ስለሚችል በቀለም ፈሳሽ በሚደረግ የስንጥቅ ምርመራ ሳያረጋግጡ አይለፉት። በበሩ ውስጥ ወደ ታች ሲያበሩ ውኃ ካብለጨለጨ ምሰሶው ከውስጥም እየዛገ ነው፤ ከውጭ የሚያምረው ቀለም ስለዚያ ምንም አይነግርዎትም።

ዓይንና መዶሻ የሚጠረጥሩትን መሣሪያ ያረጋግጠዋል። የአልትራሳውንድ ውፍረት መለኪያ በአንድ በኩል ብቻ ተጠግቶ የብረቱን ውፍረት ያነባል፤ ምሰሶውን መብሳትም መቁረጥም አያስፈልግም። በወለሉ ልክ፣ ከወለሉ ጥቂት ዝቅ ብሎና ከበሩ ሥር፣ በእያንዳንዱ ከፍታ ዙሪያውን ቢያንስ ስምንት ነጥብ ላይ ይለኩ፤ ዝገት አንዱን ጎን በልቶ ሌላውን ሊተው ይችላልና አማካዩን ሳይሆን ዝቅተኛውን ንባብ ይያዙ። የመጀመሪያው ውፍረት በሰነድ ካልተገኘ፣ ከወለሉ አንድ ሜትር ተኩል ከፍ ብሎ የተለካውን ማነጻጸሪያ ማድረግ ይቻላል። እኔ የምከተለው መስመር ይህ ነው፤ ብረቱ ከውፍረቱ አንድ አምስተኛውን ካጣ፣ ያለ መሐንዲስ ስሌት ምንም አይሰቀልበትም፤ አንድ ሦስተኛውን ካጣ የሚነሳው ጥያቄ የካሜራ መሆኑ ቀርቶ ምሰሶው መቼ ይቀየራል የሚለው ይሆናል።

አንድ አምስተኛ የሚለውን ከየት አመጣሁት? ብረት በአንድ ትልቅ ኃይል ብቻ አይሰበርም። ሽቦ ደጋግመው ሲያጣጥፉት እንደሚበጠስ ሁሉ፣ ምሰሶም ነፋስ ወዲያና ወዲህ ሲያወዛውዘው ይደክማል፤ የድካም ዕድሜው ደግሞ ከውጥረቱ ጋር በቀጥታ አይሄድም። በብየዳ ለተሠሩ ብረቶች በሚያገለግለው የተለመደ ሕግ መሠረት ዕድሜው ውጥረቱ በጨመረበት ሦስተኛ ርቢ ልክ ይቀንሳል። ከውፍረቱ 20 በመቶ ያጣ ምሰሶ በዚያው ነፋስ የሚደርስበት ውጥረት በ25 በመቶ ያድጋል፤ 1.25 በራሱ ሦስት ጊዜ ሲባዛ 1.95 ይሆናል። ማለትም ምንም ሳይሰቀልበት የድካም ዕድሜው በግማሽ ወርዷል። በዚህ ላይ ካሜራ ስንጨምር የምንወስደው ከቀረው ግማሽ ነው።

ምሰሶው በብረት ሳህንና በብሎን የታሰረ ከሆነ ሳህኑ ከምሰሶው ጋር የተበየደበትን ዙሪያ ልክ እንደ በሩ ማዕዘን ይመርምሩ። ከዚያ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ይዩ፤ የጎደለ ዳዶ አለ ወይ፣ ሮንዴላው ተቀምጧል ወይ፣ በኪያቤ ሲሞከር ይላላል ወይ። ከሳህኑ ሥር የተሞላው ሲሚንቶ ተፈርፍሮ ውኃ የሚያቁር ከሆነ ብሎኑ የሚዛገው ከማይታየው በኩል ነው። አፈሩንም አይርሱ። በአዲስ አበባ ምሥራቅና ደቡብ ብዙ ቦታ ላይ የሚገኘው ጥቁር አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ በቀጥታ የተተከለ ምሰሶ ዙሪያ በበጋ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ካዩ አፈሩ ምሰሶውን በሚገባ አልያዘውም። በቱንቢ ቀጥ ማለቱን ይለኩ፤ 8 ሜትር የሆነ ምሰሶ ጫፉ 14 ሴንቲ ሜትር ከወጣ አንድ ዲግሪ አዘንብሏል። ያዘነበለው ሲተከል ይሁን በኋላ፣ ወለሉ ላይ ከተፈጠረው ስንጥቅ አቅጣጫ ብዙ ጊዜ መገመት ይቻላል።

እግሩ ጤነኛ ሆኖ ከተገኘ ነው ወደ ስሌቱ የምንገባው። ለምሳሌ 8 ሜትር ቁመትና በአማካይ 12 ሴንቲ ሜትር ዲያሜትር ያለው ክብ የብረት ምሰሶ እንውሰድ። በአገራችን የግንባታ ኮድ የነፋስ መነሻ ፍጥነት በሰከንድ 22 ሜትር ነው፤ በሰዓት 79 ኪሎ ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። እሱ አማካይ ስለሆነ፣ ድንገተኛውን ሽውታ በሰከንድ 30 ሜትር እንበል። በአዲስ አበባ ከፍታ የአየሩ እፍጋት በኪዩቢክ ሜትር 0.94 ኪሎ ግራም ያህል ስለሆነ፣ የነፋሱ ግፊት በካሬ ሜትር 423 ኒውተን ይሆናል። ግፊቱን በዕቃው ስፋት፣ በቅርፁ መለኪያ፣ በመጨረሻም ከመሬት ባለው ከፍታ ሲያባዙ እግሩ ላይ የሚያርፈውን የመተጣጠፍ ኃይል ያገኛሉ። ምሰሶው ራሱ 1,140 ኒውተን ሜትር፣ የመብራቱ ራስ 200 ያህል ይሰጣሉ፤ ድምሩ 1,340 ነው። ካሜራው 0.06 ካሬ ሜትር ስፋት ኖሮት 6 ሜትር ላይ ቢሰቀል የሚጨምረው 180 ገደማ፣ ማለትም 14 በመቶ ያህል ነው። ይህ ብዙም አያስደነግጥም። ነገር ግን ካሜራው በፀሐይ ኃይል እንዲሠራ ግማሽ ካሬ ሜትር የሆነ ሶላር ፓነል በዚያው ከፍታ ሲጨመር 1,780 ይመጣል። 4 ሜትር ላይ የሚቀመጠው የባትሪ ሳጥን 280 ያክላል። ሦስቱ የተሰቀሉ ዕቃዎች አንድ ላይ ምሰሶውና መብራቱ ራሳቸው ከሚፈጥሩት ኃይል ይበልጣሉ፤ እግሩ የሚሸከመው ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ ይሆናል። በዚያው ምሰሶ ላይ ለበዓል የተሰቀለ 60 ሴንቲ ሜትር በአንድ ሜትር ተኩል የሆነ ባነር ቢኖር ደግሞ ብቻውን 2,280 ያህል ይጨምራል።

ከነዚህ ቁጥሮች ሁለት ነገር ይወጣል። አንደኛ፣ ካሜራው ሁለት ኪሎ ነው የሚለው መከራከሪያ ጥያቄውን ስቷል። ሁለት ኪሎው ወደ ታች የሚጫነው 20 ኒውተን ሲሆን ብረቱ አይሰማውም፤ እግሩን የሚፈትነው ፓነሉ ወደ ጎን የሚገፋው 300 ኒውተን ከነ 6 ሜትር ርቀቱ ነው። ሁለተኛ፣ ሲቆጥሩ ካሜራውን ብቻ ሳይሆን ምሰሶው ላይ ያለውን ሁሉ ይቁጠሩ፤ ባነር፣ የበዓል ጌጥ መብራት፣ የማስታወቂያ ሰሌዳ፣ ከምሰሶ ምሰሶ የተወጠረ የኢንተርኔት ገመድ፣ ማን እንደሰቀለው የማይታወቅ አንቴና። የተወጠረ ገመድ በተለይ ነፋስ ባይኖርም ቀኑን ሙሉ ምሰሶውን ወደ አንድ ጎን ስለሚስብ ከሁሉ በፊት መነሳት አለበት። እዚህ ላይ ሐቁን መናገር ይገባል። ወፍራምና ያልዛገ ምሰሶ ይህን ሁሉ ተሸክሞ አንድ ማዕበል ሊያልፍ ይችላል፤ ለምሳሌ እግሩ ላይ 168 ሚሊ ሜትር ዲያሜትርና 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የተለመደ ብረት የመተጣጠፍ አቅሙ ወደ 20,000 ኒውተን ሜትር ይጠጋል። ውፍረቱ ወደ 2 ሚሊ ሜትር ሲወርድ ግን አቅሙ በግማሽ ይቀንሳል፣ በሩ ከዚያም ላይ ይቀንሳል፣ ድካሙ ደግሞ በየቀኑ ይቆጥራል። ስሌት የሚጠቅመው ውፍረቱ ተለክቶ ሲገባበት ነው፤ በካታሎግ ውፍረት የተሠራ ስሌት የሚያገለግለው ለፋብሪካው ምሰሶ እንጂ መንገድ ዳር ለቆመው አይደለም።

አዲስ አበባ ነፋሷ ቀላል ነው የሚል ይኖራል። ከፊሉ እውነት ነው፤ ከፍታው አየሩን ስላሳሳው ከባሕር ጠረፍ ከተማ ጋር ሲነጻጸር በዚያው ፍጥነት የሚገኘው ግፊት በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል፤ ይህንንም ከላይ በስሌቱ አስገብተነዋል። ግፊቱ ግን በፍጥነቱ ሁለተኛ ርቢ ልክ ስለሚያድግ ነፋሱ ከ22 ወደ 30 ሜትር ሲጨምር ግፊቱ 86 በመቶ ይዘላል። ነጎድጓዳማ ዝናብን ቀድሞ የሚመጣው ሽውታና በረጃጅም ሕንፃዎች መካከል የሚጨመቀው ነፋስ የዕለት ተዕለቱን አማካይ አይጠይቁም። ሌላው የሚሰማው ምሰሶው ባነር ተሸክሞ 20 ዓመት ቆሟል የሚለው ነው። የቆመው ግን ትናንት በነበረው ውፍረት ነው። ያለፈው ዘመን የመሰከረለት ብረት ዛሬ ከፊሉ ዝገት ሆኖ ሊሆን ይችላል፤ ያሳለፈው ውዝዋዜም ከድካም ዕድሜው ላይ ተቀንሷል።

መስቀያው ላይ ብዙ አልቆይም፤ ጥቂቱ ግን ወሳኝ ነው። ምሰሶውን አይብሱት፤ በጉድጓድ ጠርዝ ላይ ውጥረቱ ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል፣ ጋልቫናይዝ የተደረገው ሽፋንም ይነሳል፣ ስንጥቅም ዝገትም ከዚያ ይጀምራል። መበየድ ፈጽሞ አይሞከርም። በማይዝግ ብረት ፋሻ፣ ከሥሩ ጎማ አድርገው ይሰሩ፤ ጎማው እንዳይንሸራተት ይረዳል፣ በአሉሚኒየም ምሰሶ ላይ ደግሞ ሁለቱ ብረቶች ተነካክተው አሉሚኒየሙ እንዳይበላ ይከላከላል። ገመዱን በነባሩ ቀዳዳ ያሳልፉ። ካሜራውን የሚይዘውን ክንድ ያሳጥሩ፤ ረጅም ክንድ ምሰሶውን ከማጣጠፍ አልፎ ይጠመዝዘዋል፣ የመጠምዘዙን ኃይል የሚቀበለው ደግሞ ያው የበሩ ክፍተት ነው። ካሜራው ሰሌዳ በሚገባ ማየት እስከቻለ ድረስ ዝቅ ብሎ ቢሰቀል ይመረጣል። ባትሪውና ሳጥኑ መሬት ላይ በራሳቸው ካቢኔ ይቀመጡ፤ በአካባቢው አስተማማኝ ኤሌክትሪክ ካለም ፓነሉን ይተዉት። ዳዶው በንዝረት እንዳይላላ ሁለተኛ ዳዶ ይደረብበት፤ ካሜራውም ከዋናው ማሰሪያ ሌላ በብረት ገመድ ከምሰሶው ጋር ይያያዝ። ከ6 ሜትር የወደቀ ካሜራ መሬት ሲደርስ ፍጥነቱ በሰዓት 39 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከሥሩ የሚያልፈው እግረኛ ነው።

ይህ ሁሉ ፍተሻ ሥራውን ያስወድዳል፣ ያዘገያል የሚለው ተቃውሞ በቁም ነገር መታየት አለበት፤ ገንዘቡ የሕዝብ ነውና። ነባር ምሰሶ መጠቀም የሚመረጠው አዲስ መትከል መሠረት፣ ቁፋሮና ብረት ስለሚጠይቅ ነው፤ ምርጫውም ተገቢ ነው። እዚህ የቀረበው አሠራር አዲስ ምሰሶ በየቦታው ይተከል አይልም። መቶ ምሰሶ ተመርምሮ የትኛው ካሜራ ብቻ፣ የትኛው ካሜራና ፓነል እንደሚችል፣ የትኛው ደግሞ ባነሩ ሲወርድለት እንደሚበቃ ይለያል። ባነር ማውረድ እጅግ ርካሹ ማጠናከሪያ ነው፤ ከላይ እንዳየነው አንድ ባነር ከ12 ካሜራ በላይ ያስጨንቃል። ደግሞም ምርመራው ለካሜራው ብቻ የሚወጣ ወጪ አይደለም፤ ሊወድቅ የደረሰ ምሰሶ ካሜራ ባይሰቀልበትም መገኘት ነበረበት።

ካሜራው ከተሰቀለ በኋላ የቱንቢውን ንባብ፣ የውፍረቱን ልኬትና የተሰቀለውን ዕቃ ዝርዝር ከፎቶግራፍ ጋር በምሰሶው ቁጥር ይመዝግቡ። ጎማው ሲጨመቅ ፋሻው ስለሚላላ ከሦስት ወር በኋላ ያጥብቁት፤ ከዚያ በየዓመቱ ክረምት እንዳለፈ እግሩን፣ በሩንና ማሰሪያውን እንደገና ይዩ። መኪና የነካው ምሰሶ የተጎዳ ቢመስልም ባይመስልም በዚያው ዕለት ይመርመር። ምስሉን የሚከታተሉት ሠራተኞችም የፍተሻው አካል ይሁኑ፤ ድሮ ያልነበረ መንቀጥቀጥ በምስሉ ላይ ሲታይ የካሜራ ብልሽት ተብሎ ከመዘጋቱ በፊት አንድ ሰው ሄዶ የምሰሶውን ብሎን በኪያቤ ይሞክር። ካሜራው ከአገልግሎት ሲወጣ ደግሞ ከነክንዱ፣ ከነፓነሉና ከነሳጥኑ ወርዶ ከመዝገቡ ይሰረዝ፤ መሥራት ያቆመ ዕቃ ነፋስ መያዙን አያቆምም፣ ቀጥሎ በዚያ ምሰሶ ላይ ሌላ ነገር ለመስቀል የሚያሰላው መሐንዲስም የሚያምነው መዝገቡን ነው።